297 ክፍል ብቻዋን የጻፈችው ሴት፦ ስለ ኦሺን ደራሲ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄዎን ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉት ላሳጥረው። ለዓመታት አጫጭር ልብ ወለዶች ሲጽፉ ቆይተዋል፤ ዕድሜዎ 36 ደርሷል። አንድ ፕሮዲዩሰር ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ብቻዎን እንዲጽፉለት ጠይቆዎታል። ሥራው እንደሚከብድዎት ሲያማክሯት፣ ጓደኛዎ «የጃፓኑን ኦሺን 297 ክፍል የጻፈችው አንዲት ሴት ናት» አለችዎት። እርስዎም «እውነት ነው? ሰው ይህን እንዴት ይችለዋል? ሕይወቷስ ምን ይመስል ነበር? እኔስ አልረፈደብኝም?» ብለው ጽፈዋል።

እውነት ነው። ደራሲዋ ሱጋኮ ሃሺዳ ትባላለች። ኦሺን በጃፓን ብሔራዊ ጣቢያ በኤን ኤች ኬ ከኤፕሪል 4 ቀን 1983 እስከ ማርች 31 ቀን 1984 ድረስ ተላልፏል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየማለዳው የሚቀርብ፣ እያንዳንዱ ክፍል 15 ደቂቃ የሚፈጅ ድራማ ነው። 297ቱን ክፍሎች ሲደምሯቸው ከ74 ሰዓት ያልፋሉ፤ አንድ ፊልም ሁለት ሰዓት ቢባል 37 ፊልም መሆኑ ነው። በጣቢያው ልማድ አንድ የማለዳ ድራማ ግማሽ ዓመት ይቆይ ነበር፤ ይህኛው ግን የጣቢያው የቴሌቪዥን ስርጭት የተጀመረበት 30ኛ ዓመት መታሰቢያ ስለነበር ዓመት ሙሉ እንዲሄድ ተወሰነ። በቶኪዮና በአካባቢዋ የነበረው አማካይ የተመልካች ድርሻ 52.6 በመቶ፣ ከፍተኛው ደግሞ 62.9 በመቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከ60 በላይ አገሮች ገዝተው አሳይተውታል።

እኔ የምተዳደረው የሰው ስክሪፕት በማረምና ጀማሪዎችን በማስተማር ነው፤ ስለዚህ የሃሺዳን ሕይወት የማነበው እንደ ታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ነው። ምስጢሩን በፍጥነቷ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝም። እንደኔ እምነት ይህችን ሴት ያቆማት አንድ ነገር ነው፦ ለማን እንደምትጽፍ፣ ያ ሰው ድራማውን የሚከታተለው ምን እየሠራ እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ወደዚያ ለመድረስ ግን ረጅም መንገድ ተጉዛለች። ደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበዎት የዕድሜ ነገር ስለመሰለኝ መንገዱን ላስቀድም።

ሃሺዳ የተወለደችው በ1925 በሴኡል ነው፤ ከተማዋ ያኔ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ለወላጆቿ አንዲት ልጅ ናት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ኦሳካ አጠገብ ባለችው በሳካይ ከተማረች በኋላ ቶኪዮ በሚገኝ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አጠናች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ሃያ ዓመቷ ነበር። አገሯ ታሸንፋለች ብላ ከልቧ ያመነች፣ ራሷም በኋላ እንደተናገረችው በወታደራዊው መንግሥት ስብከት ተኮትኩታ ያደገች ወጣት ነበረች። ይህን ያዙልኝ፤ ኦሺን ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል። ከሰላም በኋላ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሳትጨርስ ወጣች፤ በ1949 ሾቺኩ የተባለው ትልቅ የፊልም ኩባንያ በስክሪፕት ክፍሉ ቀጥሯት ነበርና። በክፍሉ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች።

አሥር ዓመት ያህል እዚያ ቆየች። ስሟ የወጣባቸው ፊልሞች ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ሥራዋ የታላላቆቹን ረቂቅ መገልበጥና መደገፍ ነበር፤ የወንዶች ዓለም ነበር፤ ሴት ደራሲ ምን ታደርጋለች የሚለው ጥያቄ ከፊት ለፊቷ አልጠፋም። በመጨረሻ ከስክሪፕት ክፍል አውጥተው ወደ ቢሮ ጽሕፈት ሥራ ሲያዛውሯት ትታ ወጣች። ጊዜው 1959፣ ዕድሜዋ 34 ነው። ሥራ የላትም፤ ትዳር የላትም፤ ሰው የሚያውቀው ስክሪፕት የላትም። ለልጃገረዶች መጽሔቶች ታሪኮች እየጻፈች ዳቦዋን ትገዛለች፤ በጎን ደግሞ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ረቂቅ ይዛ ትመላለሳለች።

የወጣችበት ዓመት ግን ጥሩ ዓመት ነበር። በዚያው በ1959 የአልጋ ወራሹ ሠርግ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ጃፓናውያን መሣሪያውን በገፍ ገዙት። አንድ ቤት ውስጥ መሣሪያው ከገባ በየቀኑ የሚመገበው ነገር ይፈልጋል፤ ሲኒማ ቤት ግን ተመልካቹን ቀስ በቀስ ያጣል። ሃሺዳን ያገለላት ኢንዱስትሪ ማሽቆልቆል ሲጀምር፣ ገና ያልተቀበላት ኢንዱስትሪ ደግሞ ጸሐፊ ሊያጥረው ነበር። የእኛን ሙያ የሚለማመዱ ወጣቶች ይህን ዓይነት አጋጣሚ «ዕድል» ይሉታል፤ ዕድልነቱን አልክድም። ነገር ግን አሥር ዓመት ሙሉ የትዕይንት አሠራርን በእጇ ስትገለብጥ የኖረች ሴት ናት አጋጣሚውን ያገኘችው።

በቴሌቪዥን ስሟን ያስጠራው ሥራ በ1964 መጣ፤ 38 ዓመቷ ነበር። በማይድን ካንሰር የተያዘች ወጣትና ፍቅረኛዋ የተጻጻፏቸው እውነተኛ ደብዳቤዎች መጽሐፍ ሆነው አገር ምድሩን አስለቅሰው ነበር፤ እሷ ይህን ወደ ድራማ እንድትቀይር ተጠየቀች። የስርጭቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሃሺዳ የጻፈችው ግን ለሁለት ሰዓት የሚበቃ ነበር። ፕሮዲዩሰሯ ፉኩኮ ኢሺ ረቂቁን በመቀስ ከመቁረጥ ይልቅ ጣቢያውን አግባብታ በሁለት ሳምንት ተከፍሎ እንዲተላለፍ አደረገች፤ ለዚያ መርሐ ግብር ያልተለመደ ነገር ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አብረው ሠሩ። ጸሐፊ ስለ ተሰጥኦው ብዙ ያወራል፤ ረቂቁን የሚያምንለት ፕሮዲዩሰር ስለማግኘቱ ግን እምብዛም አያወራም። እኔ የማውቃቸው ጥሩ ጥሩ ስክሪፕቶች መሳቢያ ውስጥ የቀሩት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የዕድሜ ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት። የመጀመሪያው የታወቀ ሥራ በ38፣ ኦሺን በ57፣ ከሁሉም የረዘመው ተከታታይ ድራማዋ ደግሞ በ65 ዓመቷ ተጀመረ። አልረፈደብዎትም።

ትዳሯን የማነሣው ለወሬ አይደለም፤ ከሥራዋ ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ ነው። በ1966፣ በ41 ዓመቷ፣ በአንድ የግል ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚሠራ ሰው አገባች። ሰውየው አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ እሱ ቤት እያለ የረቂቅ ወረቀት እንዳትዘረጋ። እሱ ሥራ ሲሄድ ትጽፋለች፤ ሲመለስ ወረቀቱ ተሰብስቦ እራት ቀርቦ ይጠብቀዋል። የዘመናችን አንባቢ በዚህ መናደዱ አይቀርም፤ እኔም አልወድለትም። ሃሺዳ ራሷ ግን የምታነሣው ሌላውን ጎን ነበር። ባልየው ደመወዝተኛ ስለሆነ ወር ሲመጣ የቤቱ ወጪ ይሸፈናል፤ ስለዚህ የማትወደውን ሥራ «አልጽፍም» ማለት፣ ከፕሮዲዩሰር ጋርም ሳትፈራ መከራከር ቻለች። ለጸሐፊ ነጻነት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የቤት ኪራይ ጥያቄ ነው።

ከባልየው ጋር ደግሞ አማት መጣች። የባሏ ቤተሰብ ዘንድ ስትሄድ ያየችውን፣ የዋጠችውን፣ ያንገበገባትን ሁሉ ይዛ ተመለሰች። በ1976 ለኤን ኤች ኬ የጻፈችው የምራትና የአማት ድራማ ከዚህ የተወለደ ነው፤ አገር አነጋገረ። ከዚያ በፊት የቤተሰብ ድራማ ሲባል ሁሉም ማዕድ ከቦ የሚሳሳቅበት ነበር። እሷ ማዕዱን እንዳለ ተወችውና በዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች በሆዳቸው የያዙትን አወጣችው።

አሁን ወደ ኦሺን እንሂድ። የታሪኩ ዘር የተዘራው ሃሺዳ ገና ወጣት ሳለች ነው። ጦርነቱ እንዳበቃ በሰሜን ጃፓን ያማጋታ በተባለው አውራጃ ዘመድ ዘንድ ሄዳ ነበር። በሞጋሚ ወንዝ ዳር ያሉ ሰዎች፣ ድሮ የድሃ ገበሬ ሴት ልጆች በእንጨት ታንኳ ተጭነው ወንዙን እየተከተሉ ለግርድና ይወርዱ እንደነበር አወሯት። ልጅቷ ስትሄድ ቤተሰቡ ሩዝ ያገኛል። ወሬው ከ30 ዓመት በላይ አብሯት ከረመ። በኋላ አንዲት አሮጊት ያሳለፉትን መከራ የሚዘረዝር ደብዳቤ ላኩላት፤ ያ ወሬና ይህ ደብዳቤ ተገናኙ። ሐሳቡን ይዛ ጣቢያዎችን ስታንኳኳ «የጥንት ድሃ ታሪክ ማን ያይልናል?» የሚል መልስ ነበር የጠበቃት። ሰዉ በልጽጓል፤ መኪና ገዝቷል፤ ሩዝ ያጣ ገበሬ በማለዳ ማየት አይፈልግም ነበር ግምቱ። ግምቱ እንዴት እንደተሳሳተ ከላይ ያሉት ቁጥሮች ይነግሩዎታል።

የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ቢያገኙ የታንኳውን ትዕይንት በጥሞና ይዩት። ኦሺን በአንድ ጆንያ ሩዝ ለአንድ ዓመት ልታገለግል እየሄደች ነው፤ ገና ሰባት ዓመቷ ነው። በረዶ ምድሩን ሸፍኖታል። አባትየው ልጁን የሸጠ፣ ቤት ውስጥ ሲቆጣ የምናውቀው ደረቅ ሰው ነው፤ ተመልካች ጠልቶታል። ታንኳው ሲንቀሳቀስ ግን ይኸው ሰው በወንዙ ዳር በበረዶው ላይ እየሮጠ ይከተላታል፤ ልጅቷም ትጣራለች። ሃሺዳ እዚያ ቦታ ላይ «አባትየው ይወዳታል» የሚል አንድም ዓረፍተ ነገር አላስገባችም። ክፉ ያልነው ሰው ድህነት እጁን የጠመዘዘው አባት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ትዕይንት ቀደም ብሎ ደግሞ እናትየው ተጨማሪ አፍ የሚመግብ እህል ስለሌለ፣ የያዘችውን ጽንስ ለማስወረድ በክረምት የቀዘቀዘ ወንዝ ውስጥ ትገባለች። ይህ በማለዳ፣ ሰው ቁርሱን ሲበላ የሚታይ ድራማ መሆኑን አይርሱ። ድፍረቷ እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ኦሺንን የትዕግሥት ታሪክ አድርጎ ይወስደዋል። ሃሺዳን ይህ አላስደሰታትም። ድራማው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፦ በ1983 አሮጊቷ ኦሺን የበርካታ መደብሮች ባለቤት ናቸው፤ 17ኛው መደብር በሚመረቅበት ቀን ለማንም ሳይናገሩ ከቤት ይጠፋሉ። ወደ ተወለዱበት መንደር ተመልሰው የት ላይ መንገድ እንደሳቱ ሊያስቡ ነው የሄዱት። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ «እንዴት ታግሣ በለጸገች?» ሳይሆን «በልጽጋ ምን አጣች?» ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኩትም እዚህ ይመጣል። የኦሺን ባል ከጦሩ ጋር እየነገደ ይከብራል፤ ጎረቤቱን ለጦርነቱ ይቀሰቅሳል፤ አገሩ ስትሸነፍ ራሱን ያጠፋል። የበኩር ልጃቸው ጦር ሜዳ ቀርቷል። ኦሺንም ጦርነቱ ስህተት መሆኑን እያወቀች ዝም ብላ ከትርፉ መብላቷን ለራሷ ትናዘዛለች። ይህን የጻፈችው በሃያ ዓመቷ ድሉን ስትጠብቅ የነበረችው ሴት ናት። ኦሺን በታሪኩ ውስጥ የተወለደችው በ1901 ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶም የተወለዱት በዚያው ዓመት ነው። ሃሺዳ ይህን ሆን ብላ እንዳደረገችውና ድራማውን እሳቸው እንዲያዩላት ትፈልግ እንደነበር ተናግራለች።

አሁን ለእርስዎ የበለጠ ወደሚጠቅምዎት ነገር ልምጣ። የሃሺዳ ገጸ ባሕሪያት ብዙ ይናገራሉ። በጣም ብዙ። አንዱ ተዋናይ ገጽ ሙሉ ሳያቋርጥ ይናገራል፤ ከእሷ ጋር የሠሩ ተዋናዮች ከሁሉ የሚያነሡት ምልልሱን መያዝ ምን ያህል ያስጨንቃቸው እንደነበር ነው። አንዲት ቃል መለወጥ፣ ከራስ ጨምሮ መናገር አይፈቀድም ነበር። ተቺዎች «ይህ የራዲዮ ድራማ ነው» ይሏት ነበር። እሷ ግን ምክንያቷን አልደበቀችም፦ ተመልካቿ ሶፋ ላይ ተቀምጣ አይደለም የምታየው፤ ማድ ቤት ዕቃ እያጠበች፣ ልብስ እያጠፈች ነው። ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ እንኳን ታሪኩ ሊያመልጣት አይገባም። ስለዚህ ድራማው በጆሮ ብቻ መከተል የሚቻል መሆን አለበት።

ለፊልም የሠለጠነ ሰው ይህን ሲሰማ ያመዋል። «አሳይ እንጂ አትናገር» ተብለን ነው ያደግነው። ለማነጻጸር እንዲያመች አንዲት ትንሽ ትዕይንት እኔው ልፍጠር። ለበዓል ምሳ የተሰናዳች ሴት ወንድሟ እንደማይመጣ በስልክ ትሰማለች። በፊልም አጻጻፍ እንዲህ ልናደርገው እንችላለን፦

«አልማዝ ስልኩን ታስቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ሰባት ሳህን ተደርድሯል። አንዱን አንሥታ ወደ መደርደሪያው ትመልሳለች።»

ያምራል። ማድ ቤት ቆማ ሽንኩርት ለምትከትፈው ተመልካች ግን የሰማችው ነገር የሳህን ድምፅ ብቻ ነው። በሃሺዳ መንገድ ብንሄድ ደግሞ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሰባት ሳህን ነበር ያወጣሁት፤ ስድስት ይበቃል። ወንድምጋሼ ዘንድሮም ሥራ አለብኝ አለ። አምናም ሥራ ነበረበት፤ እማዬ ስትቀበርም ሥራ ነበረበት። አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ አትዪኝ፤ ዶሮውን አማስዪው፤ እንዳያርብን።»

ሁለተኛው ውስጥ ምን ምን እንደገባ ይቁጠሩ፦ ማን እንደቀረ፣ ስንተኛው ጊዜ እንደሆነ፣ የእናታቸው ሞት፣ የቆየ ቂም፣ አጠገቧ ሌላ ሰው መኖሩ፣ ምድጃው ላይ ያለው ወጥ። ሴትዮዋ አዘንኩ አላለችም። ሃሺዳ ሰው እንዲሁ ቁጭ ብሎ ሆዱን ሲዘረዝር አትጽፍም፤ እጁ ሥራ ላይ ነው። ከኦሺን በኋላ የጻፈችው ረጅሙ ድራማ ብዙ ትዕይንቶቹ በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ሾርባ ይቀዳል፣ ሳህን ይታጠባል፣ ደንበኛ ይገባል፣ በዚህ መሃል አማት ምራቷን ትወጋለች። ሥራው ካልቆመ ንግግሩ ስብከት አይሆንም። ብዙ ያነበብኳቸው የጀማሪ ስክሪፕቶች የሚወድቁት እዚህ ነው፦ ሁለት ሰዎች ካፌ ተቀምጠው፣ ማኪያቶው እየቀዘቀዘ፣ ሕይወታቸውን ለተመልካች ያስረዳሉ።

በነገራችን ላይ ቡና እየተፈላ፣ ልጅ እየተጮኸበት፣ ጎረቤት እየገባ እየወጣ ድራማ የሚከታተለውን የእኛን ቤት ካሰቡ፣ የሃሺዳ ተመልካች ሩቅ አገር አትሆንብዎትም።

ረጅሙን ድራማ ካነሣሁ አይቀር አሠራሩን ልንገርዎት። በ1990 ጀምሮ በአሥር ዙር እስከ 2011 ድረስ ተላልፏል፤ ከ500 ክፍል ይበልጣል፤ በልዩ ዝግጅት መልክ ደግሞ እስከ 2019 ድረስ ብቅ ይል ነበር። ፕሮዲዩሰሯ ያችው ኢሺ ናት። ታሪኩን ያለማቋረጥ የሚያንቀሳቅሰው ነገር በጣም ቀላል ነው፦ አንድ ጡረታ የወጣ አባት፣ አንዲት እናት፣ አምስት ሴቶች ልጆች። አምስቱም የየራሳቸው ቤት፣ ባል፣ አማት፣ የልጅ ጣጣ አላቸው። የአንዷ ቤት ሲበርድ የሌላዋ ይነዳል፤ ሁሉም ችግር ዞሮ ዞሮ ወላጆች ቤት ይመጣል። ሴራ አያስፈልገውም። ሃሺዳ ግድያና የትዳር ክህደት አልጽፍም ትል ነበር፤ በዕድር፣ በውርስ፣ በልጅ ትምህርት ቤት፣ በሽማግሌ መጦር የሚጣላ ቤተሰብ ይበቃታል። (ዕድሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ።) እኛ ጋ ድራማ አሥረኛው ክፍል ላይ ሲደርስ መርዝ፣ የጠፋ ልጅ ወይም የተደበቀ ኑዛዜ ብቅ የሚለው መነሻው ላይ የሚያሠራ ቤተሰብ ስላልተገነባ ይመስለኛል። ዘጠኝ ክፍል የሚበቃ ታሪክ ይዘን መቶ ክፍል እንፈርማለን።

ከዓመታት ብዛት የተነሣ ተዋናዮች ታመዋል፣ ትተው ወጥተዋል፣ ሞተዋል። የቤተሰቡን እናት የምትጫወተው ተዋናይ ስትወጣ ሃሺዳ እናትየዋ አሜሪካ ሄዳ እዚያው እንደሞተች አደረገችና የቤተሰቡን ሐዘን የአንድ ዙር ታሪክ አደረገችው። አባቱን የሚጫወተው ሰው በ2006 ሲታመም ግን ሌላ ተዋናይ ተክታ ቀጠለች። በወረቀት ላይ ያቀዱት ታሪክ በሆስፒታል ወሬ ይገለበጣል፤ የተከታታይ ድራማ ጸሐፊ ሕይወት ግማሹ ይህ ነው።

ከሁሉ የከበደውን ግን በ1989 ነው ያሳለፈችው። ዓመት ሙሉ የሚተላለፍ ትልቅ የታሪክ ድራማ ለኤን ኤች ኬ እየጻፈች ሳለ ባሏ የሳንባ ካንሰር ያዘው። በዚያን ጊዜ በጃፓን ለሕመምተኛ እንዲህ ያለ በሽታ አይነገርም ነበር፤ እሷም ደበቀችው። ሥራውን ለማቆም ብታስብም፣ ካቆመች ባልየው ምን እንደያዘው እንደሚገባው ስለተረዳች መጻፏን ቀጠለች። በዚያው ዓመት ሞተ። ድራማው ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ክፍል ተላለፈ። ልጅ አልነበራቸውም። እሱ የተወላትን ገንዘብ መነሻ አድርጋ በ1992 የባህል ፋውንዴሽን አቋቋመች፤ በስሟ የሚሰጠው ሽልማት የቴሌቪዥን ጸሐፊዎችን፣ ተዋናዮችንና ሥራዎችን ያከብራል። በ2020 መንግሥት የባህል ኒሻን ሰጣት። ዓመት ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 2021፣ አታሚ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ በቤቷ አረፈች፤ 95 ዓመቷ ነበር። ኦሺንም የጀመረው በዚሁ ቀን ነበር።

ውዳሴ ብቻ እንዳይመስል ጉድለቷንም ልናገር። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ምልልሱ ራሱን ይደግማል። የስምንት ዓመት ሕፃን እንደ መንደር ሽማግሌ ይናገራል፤ ጃፓኖች ራሳቸው ይቀልዱበት ነበር። ዘመኑ ተቀይሮ ሰው ድራማ በስልኩ አንገቱን ደፍቶ ማየት ሲጀምር፣ በጆሮ የሚከተል ጽሑፍ እንደ ድሮው አልያዘም። ስለዚህ የንግግሯን ርዝመት አይቅዱ። የእርስዎ ተመልካች የት ተቀምጦ፣ በምን መሣሪያ፣ ምን እየሠራ እንደሚያይ ይወቁና ለዚያ ይጻፉ።

የቀረው ስለ ፕሮዲዩሰሩ ነው። ብቻዎን መጻፍ ይችላሉ? ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ ቀረጻ ሲጀመር ስንት ክፍል ተጽፎ ማለቅ አለበት? ቢያንስ ሩብ የሚሆነው ሳይጠናቀቅ ካሜራ የሚያስነሣ ከሆነ ብቻዎን አይግቡ፤ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንድ ቀን ቢታመሙ ሠላሳ ሰው ቀረጻ ላይ ቆሞ እርስዎን ይጠብቃል። የልብ ወለድ ጸሐፊ የማያውቀው ጭንቀት ነው። ሁለተኛ፣ በቀረጻ ቦታ ምልልሱን የመቀየር ሥልጣን ያለው ማን ነው? እንደ ሃሺዳ «አንዲት ቃል አትነካም» ማለት አይችሉም፤ ይህ በሠላሳ ዓመት የተገኘ መብት ነው። ለውጥ ሲደረግ እንዲነገርዎት ግን ውል ውስጥ ማስገባት ይችላሉ። ሦስተኛው የመብት ጉዳይ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር በአሠሪ ትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። ድራማው በሌላ ጣቢያ ቢደገም፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ቢመለስ፣ ወደ መጽሐፍ ቢቀየር ምን እንደሚያገኙ ካልጻፉት ምንም አያገኙም ማለት ነው። ፕሮዲዩሰሩ «በኋላ እንነጋገራለን» ካለዎት፣ የመጀመሪያውን ክፍል ከመጻፍዎ በፊት ያነጋግሩት፤ አምስተኛው ክፍል አየር ላይ ከዋለ በኋላ የመደራደር አቅሙ የእሱ ይሆናል።

ረቂቅ ካለዎት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ይላኩልኝ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ጮክ ብሎ ሲነበብለት ታሪኩን መከተል ይችል እንደሆነ ቤትዎ ውስጥ ሞክረው፣ የጠፋበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቢልኩት ደግሞ እርማቱ ይቀለኛል።